የሞተር ዘይት ጣሳና ሁለቱ ዕድሜዎቹ፤ ስለ ሰብሳቢዎች የዘመን አለያየት የቀረበ ሒስ

የሰው ልጅ የእጅ ሥራ ታሪክ ሲጻፍ ሸክላው፥ ቀንዱ፥ ሽመናውና የብረት ሥራው በየተራቸው መርማሪ አግኝተዋል። ፋብሪካ በብዙ ሺሕ እያባዛ ያወጣው፥ ገዢውም ተጠቅሞ የጣለው ዕቃ ግን ለረዥም ጊዜ ታሪክ ጸሓፊ አጥቶ ቆየ። ከእነዚህ ዕቃዎች አንዱ የሞተር ዘይት ይሸጥበት የነበረው ጣሳ ነው። ይህን ጣሳ ከጋራዥ ጥግ፥ ከእርሻ ቤት ጓዳና ከጥራጊ ክምር እያነሡ ያተረፉት በመጀመሪያ ቤተ መዘክሮች አይደሉም፤ በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር በገዛ ገንዘባቸውና በገዛ ፍቅራቸው የሚሰበስቡ ሰዎች ናቸው። ለዚህ ሥራቸው ምስጋና ይገባቸዋል። የተማሩት ሰዎች የናቁትን ያልተማሩት ጠበቁት ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ሰብሳቢዎቹ ጣሳውን ከማትረፍ አልፈው ዘመኑን የሚለዩበት ዘዴ አበጅተዋል። ዘዴው በዋጋ መምሪያ መጻሕፍትና በጨረታ ዝርዝሮች ውስጥ ተበታትኖ ይገኛል። አንድ ስብስብ በውርስ ወይም በስጦታ ወደ ቤተ መዘክር በሚገባበት ጊዜ በየጣሳው ላይ የተለጠፈው ዓመት አብሮ ይገባል፤ አንድ ጊዜ በመዝገብ የሰፈረ ዓመት ደግሞ በቀላሉ አይፋቅም። ስለዚህ ዘዴው እንደ ማንኛውም የታሪክ ማስረጃ መመርመር ይገባዋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አስቀድሞ የጣሳውን አመጣጥ ማየት ያስፈልጋል። በመኪና የመጀመሪያ ዘመን ዘይት በአብዛኛው በበርሜል ወደ ነዳጅ ማደያ እየመጣ፥ አፈ ሹል ክዳን ባለው የመስተዋት ጠርሙስ እየተቀዳ በሞተሩ ውስጥ ይፈስ ነበር። ለቤቱ የሚገዛ ሰው ግማሽ ጋሎን፥ አንድ ጋሎን ወይም አምስት ጋሎን የሚይዝ፥ ባለ ማዕዘን፥ መጋጠሚያው የተበየደ፥ መክደኛው የሚጠመዘዝ ቆርቆሮ ይወስዳል። በበርሜል የሚሸጠው ዘይት ግን አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት። ይኸውም ስመ ጥር በሆነ ኩባንያ ስም ርካሽ ዘይት ቀድቶ በውድ ዋጋ የሚሸጠውን ሰው መያዝ አስቸጋሪ ነበር፤ ዘይት ከዘይት በዐይን አይለይምና። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ክብ የሆነው፥ አንድ ኳርት የሚይዘው፥ ማለት አንድ ሊትር ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው፥ በፋብሪካ ተሞልቶ የታሸገው ጣሳ እንዲስፋፋ ካደረጉት ምክንያቶች ዋነኛው ይህን ማታለል ለማስቀረት የተደረገው ጥረት ነው።

ይህ ክብ ጣሳ የሚነሣ ክዳን የለውም። እንደ ዓሣ ቆርቆሮ ላይና ታቹ የተዘጋ ነው። የማደያው ሠራተኛ ጫፉ ሹል የሆነ ማፍሰሻ በላይኛው ፊቱ ላይ ወግቶ ያስገባና ዘይቱን በሞተሩ አፍ ይገለብጠዋል። ገዢው የዘይቱን እውነተኛነት የሚያምነው ጣሳው በፊቱ ሲወጋ በማየቱ ነው። እንግዲህ ያ ቀዳዳ እንደ ተቀደደ ማኅተም ያለ ነገር ነው፤ ሻጭና ገዢ የተማመኑበትን ሰዓት ያሳያል። ይህን ነጥብ አንባቢ በልቡ ይያዘው፤ በኋላ ያስፈልጋል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቆርቆሮ ለሠራዊት ስንቅና ለጦር መሣሪያ ስለ ተፈለገ ዘይት እንደ ገና በመስተዋት ዕቃ ተሸጠ። ከ1950ዎቹ ወዲህ ጎኑ ከወፍራም ወረቀት፥ ላይና ታቹ ከብረት የሆነ ጣሳ ቀስ በቀስ የቆርቆሮውን ቦታ ያዘ። በ1980ዎቹ ደግሞ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሁለቱንም ከገበያ አስወጣቸው። ክቡ የኳርት ጣሳ በሃምሳ ዓመት ውስጥ ተወልዶ የሞተ ዕቃ ነው ማለት ይቻላል፤ የዘመን አለያየቱ ጭቅጭቅም በብዛት የሚነሣው በዚህ ሃምሳ ዓመት ውስጥ ነው።

ሰብሳቢዎቹ ከሚጠቀሙባቸው ምልክቶች አብዛኞቹ መልካም ናቸው። ከሁሉ የሚበልጠው በጣሳው ግርጌ በደቃቅ ፊደል የሚታተመው የኩባንያው ሕጋዊ ስም ነው። ለምሳሌ በ1866 በኒው ዮርክ ግዛት በሮቸስተር ከተማ የተቋቋመው ቫኪዩም ኦይል ኩባንያ በ1931 ከኒው ዮርክ ስታንዳርድ ኦይል ጋር ተዋሕዶ ሶኮኒ ቫኪዩም ተባለ፤ በ1955 ስሙ ሶኮኒ ሞቢል ሆነ፤ በ1966 ደግሞ ሞቢል ኦይል ኮርፖሬሽን ተባለ። ባለ ክንፉ ቀይ ፈረስ በእነዚህ ሁሉ ስሞች ሥር ሲጋልብ ስለ ኖረ ፈረሱን ብቻ የሚያይ ሰው ብዙ አይማርም፤ ግርጌውን የሚያነብ ግን ጣሳውን በጥቂት ዓመታት ወሰን ውስጥ ሊያስገባው ይችላል። በእንግሊዝ አገርም ነገሩ እንዲሁ ነው። ቻርልስ ዌክፊልድ በ1899 ያቋቋመው ኩባንያ በ1909 ለዘይቱ ካስትሮል የሚል ስም ያወጣው የጉሎ ዘይት ስለ ጨመረበት ነው፤ ስሙም ከጉሎ የእንግሊዝኛ ስም የተወሰደ ነው። ቆዳ የሚያለሰልሰውና ምጣድ የሚያስሰው ጉሎ የእሽቅድድም ሞተር ማለስለሻ መሆኑ ኢትዮጵያዊውን አንባቢ ፈገግ ሳያሰኘው አይቀርም። ኩባንያው ራሱ ካስትሮል የተባለው በ1960 ስለ ሆነ፥ የዌክፊልድ ስም ከካስትሮል ጋር ተጣምሮ የሚነበብበት ጣሳ በመሠረቱ ከዚያ በፊት የነበረው ዘመን ሥራ ነው።

አድራሻም ይናገራል። የአሜሪካ ፖስታ በ1943 ለትልልቅ ከተሞች የቀጠና ቁጥር ሰጠ፤ በ1963 ደግሞ ባለ አምስት አኃዙን የዚፕ ቁጥር አወጣ። እንዲሁም በሱቅ ሒሳብ ላይ የሚነበበው ባርኮድ ለመጀመሪያ ጊዜ በሥራ ላይ የዋለው በ1974 በኦሃዮ ግዛት በትሮይ ከተማ ነው። ይህን የመሰለው ምልክት ያለበት ጣሳ ከተባለው ዓመት በፊት ሊታተም እንደማይችል የታወቀ ነው።

ዳሩ ግን እዚህ ላይ አንድ ልዩነት አለ፤ የመምሪያ መጻሕፍቱም ብዙ ጊዜ ያልፉታል። የምልክት መኖር የሚናገረው «ከዚህ ወዲህ» የሚለውን ብቻ ነው። አለመኖሩ ግን «ከዚህ በፊት» አይልም። አንድ ኩባንያ አድራሻው ሲለወጥ፥ ስሙ ሲለወጥ ወይም አዲስ ደንብ ሲወጣ በመጋዘኑ ያለውን የታተመ ቆርቆሮ አይጥለውም፤ እስኪያልቅ ይሞላበታል። የዚፕ ቁጥር የሌለበትን ጣሳ ሁሉ ከ1963 በፊት ማድረግ፥ ደብዳቤው ላይ ቀን ስላልጻፈ ብቻ ጸሓፊው ጥንታዊ ሰው ነው እንደ ማለት ነው።

ከስሕተቶቹ ሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው በአገልግሎት ፊደላት ላይ የሚፈጸመው ነው። የአሜሪካ የፔትሮሊየም ተቋም በ1947 የሞተር ዘይትን መደበኛ፥ ከፍተኛና ለከባድ ሥራ የሚሆን ብሎ በሦስት ከፈለው። በ1952 ይህ ቀርቶ ለቤንዚን ሞተር ኤም ኤል፥ ኤም ኤም፥ ኤም ኤስ፤ ለናፍጣ ሞተር ዲ ጂ፥ ዲ ኤም፥ ዲ ኤስ የሚሉ ምልክቶች ወጡ። በ1970 ደግሞ ይህም ተሻረና ለቤንዚን ሞተር የሚሆነው በኤስ፥ ለናፍጣ ሞተር የሚሆነው በሲ እንዲጀምር ተወሰነ፤ ከዚያ በኋላ ኤስ ኤ፥ ኤስ ቢ፥ ኤስ ሲ፥ ኤስ ዲ እየተባለ በፊደል ተራ ይሄዳል። አዲሱ ሥርዐት አሮጌ መኪናዎችንም እንዲያገለግል ስለ ታሰበ ፊደሎቹ ወደ ኋላ ተመልሰው ተመደቡ። ኤስ ሲ ማለት ከ1964 እስከ 1967 ለተሠሩ የቤንዚን መኪናዎች የሚስማማ ዘይት ማለት ነው፤ ኤስ ዲ ደግሞ ከ1968 ጀምሮ ለተሠሩት።

እንግዲህ የስሕተቱ ምንጭ ይህ ነው። በመካኒኮች መምሪያ ላይ ያለውን ሠንጠረዥ ያየ ሰብሳቢ በኤስ ሲ ትይዩ 1964ን ያገኛል፤ ወዲያውም በእጁ ያለውን ጣሳ የ1964 ጣሳ ብሎ ይመዘግበዋል። ነገር ግን 1964 የመኪናው ዓመት ነው እንጂ የፊደሉ ዓመት አይደለም። በ1964 ጣሳውን ያተመው ሠራተኛ ኤስ ሲ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር፤ እሱ የሚያትመው ኤም ኤስ ነበር። ስለዚህ ኤስ ሲ የሚነበብበት ጣሳ ከ1970 በፊት ሊሆን አይችልም፤ ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት ዘግይቶ የታተመ ሊሆን ይችላል። ብዙ ፊደል በአንድነት የታተመበት ጣሳ ሲገኝም ዘመኑን የሚወስነው ከፊደሎቹ የመጨረሻው ነው። ኤስ ኢ ለ1972 መኪናዎች፥ ኤስ ኤፍ ለ1980 መኪናዎች የወጡ ስለ ሆኑ፥ ኤስ ኤፍ ከኤስ ሲ ጋር ተሰልፎ የሚታይበት ጣሳ በስድሳዎቹ ተራ ሊቀመጥ አይገባውም።

አንድ ሰው ስድስት ዓመት ምን ያህል ነገር ነው ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ለዕቃው ታሪክ ግን ብዙ ነው። የወረቀት ጎን ያለው ጣሳ በየትኛው ኩባንያ መቼ ቆርቆሮውን እንደ ተካ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው የሚሠራው በእነዚህ ጣሳዎች ላይ ነው፤ መነሻው ስድስት ዓመት ከተዛባ የለውጡ ታሪክ በሙሉ ይዛባል። ከዚህም በላይ ስሕተቱ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ማዘንበሉ ሊያሳስብ ይገባል። ጣሳው አዘውትሮ ካለው ዕድሜ በላይ ያረጃል እንጂ አያንስም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አሮጌው ይወደዳል። ገበያ ባለበት ቦታ ጥርጣሬ ሁሉ ለሻጩ ጥቅም ይተረጐማል። አንዳንድ ሻጭ ኩባንያው የተቋቋመበትን ዓመት ከጣሳው ላይ አንብቦ ጣሳው በዚያ ዓመት የተሠራ እንደ ሆነ የሚናገረውም ከዚሁ የተነሣ ነው፤ በ1866 መኪና ባልነበረበት ዘመን የመኪና ዘይት ማን እንደ ገዛ ግን አይጠይቅም።

በሥዕል መመራትም እንዲሁ ያሳስታል። በማሳቹሴትስ ግዛት በዉስተር ከተማ የነበረው የዋይትና ባግሊ ኩባንያ ኦይልዘም በተባለው ዘይቱ ጣሳ ላይ ቆብ የደፋ፥ ነፋስ መከላከያ መነጽር ያጠለቀ የመኪና ነጂ ፊት ያትም ነበር። ይህ ነጂ ጣሪያ በሌለው መኪና አቧራና ዝናብ የሚመታው የጥንት ሰው ነው። ይሁን እንጂ መኪና ሁሉ ጣሪያና መስኮት ካበጀ በኋላ ለብዙ ዓመታት ፊቱ ከጣሳው ላይ አልወረደም፤ ኩባንያው ያቆየው ደንበኛ እንዳይጠፋው ነው። ሥዕል የሚናገረው ሻጩ ገዢው እንዲያስታውስ የወደደውን ዘመን ነው።

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ጣሳው የታተመበትን ጊዜ የሚመለከት ነው። ዋናው ክርክር ግን ከዚህ ያልፋል። በአክሱም ነገሥታት ሳንቲም ጥናት የታወቀ ምሳሌ አለ። በኢዛና ዘመን በሳንቲሙ ላይ የነበረው የጨረቃና የክበብ ምልክት በመስቀል ስለ ተተካ፥ ምልክቱን ያየ ሰው ሳንቲሙ ንጉሡ ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት ወይም ከዚያ በኋላ የተመታ እንደ ሆነ ይለያል። ሳንቲሙ መቼ ከሰው እጅ እንደ ወደቀና በምን ገበያ እንደ ተንቀሳቀሰ የሚናገረው ግን ምልክቱ ሳይሆን የተገኘበት የአፈር ድርብና አብሮት የተገኘው ዕቃ ነው። ጣሳም ሁለት ዕድሜ አለው። አንዱ ከማተሚያው የወጣበት ነው፤ ሁለተኛው ተወግቶ ባዶ የሆነበትና ከዚያ በኋላ የኖረበት ነው።

ሰብሳቢዎቹ ሁለተኛውን ዕድሜ ከመርሳት አልፈው እንደ ጉድፍ ይቈጥሩታል። በሚዛናቸው ከሁሉ የሚበልጠው ተሞልቶ ሳይከፈት የቀረው ጣሳ ነው፤ ቀጥሎ ከታች በኩል ተበስቶ ዘይቱ የወጣለትና ላይኛው ፊቱ ያልተነካው ይመጣል፤ በላይኛው ፊቱ በማፍሰሻ የተወጋው፥ ማለት እንደ ተፈጠረለት ሥራ የሠራው፥ በዋጋ ዝቅ ይላል። ባዶ እንዲሆን ተፈልጎ ግን የአገልግሎት ምልክት እንዳይታይበት ሲባል ከሥር የሚበሳ ዕቃ በእውነቱ የሚያስገርም ነው። ያ ቀዳዳ ምን እንደ ነበረ ከላይ ተነግሯል፤ ገዢው ዐይኑ እያየ የተከፈተ ማኅተም ነው። ሰብሳቢው ማኅተሙን ጠብቆ ውሉን ይጥላል።

ከዚህ የተነሣ በመደርደሪያ ላይ ተሰልፈው የሚያብረቀርቁት ሙሉ ጣሳዎች የመኪና ዘመንን ታሪክ ይወክላሉ ማለት ያስቸግራል። እነርሱ የሚወክሉት ያልተሸጠውን ዕቃ ነው። ከፈላጊ ማጣት የተነሣ በመጋዘን ጥግ የተረሳው ዘይት ሙሉ ሆኖ ይተርፋል፤ ሕዝብ የወደደው ዘይት ግን ጣሳው ተወግቶ ተጥሏል። ያልተነካውን ብቻ የሚያከብር ስብስብ ሳያውቀው የተናቀውን ያከብራል።

ለሰብሳቢዎቹ ፍርድ እንዳይጓደል መልሳቸውም መሰማት አለበት። ዝገት ኅትመቱን ይበላዋል፤ ኅትመቱ ከጠፋ የመጀመሪያውም ዕድሜ አይገኝም፤ የቀዳዳ ዓመት ደግሞ በቀዳዳው ላይ አይጻፍም ይላሉ። የመጀመሪያው እውነት ነው። ሁለተኛው ግን ከፊል እውነት ብቻ ነው፤ ምክንያቱም የቀዳዳውን ዘመን የሚናገሩ ነገሮች በጣሳው ዙሪያ ነበሩ። የተገኘበት ቤት፥ በውስጡ የተቀመጠው ምስማር ወይም የደረቀ ቀለም፥ ለመንጠልጠያ የገባለት ሽቦ፥ በእርሳስ የተጻፈ ዋጋ፥ አብሮት የተጣለ ዕቃ፤ እነዚህ ሁሉ ይናገሩ ነበር። ነገር ግን ሰብሳቢው ጣሳውን ሲያነሣ ምስማሩን ደፋ፤ ሽቦውን ፈታ፤ ከዚያም ዝገቱን በኦክሳሊክ አሲድ አጥቦ በቫርኒሽ ወለወለው። ማስረጃው ያልተገኘው ስላልነበረ አይደለም፤ ስለ ታጠበ ነው። በእንደዚህ ያለ ጽዳት ላይ ደግሞ ሌላ ጉዳት ይከተላል። በቅርብ ጊዜ የተሠራው ምስለ ጥንት ጣሳ ከታጠበውና ከተወለወለው እውነተኛ ጣሳ ጋር ሲቀመጥ ለመለየት ያስቸግራል፤ ዝገትና ጭረት የእውነተኛነት ምስክሮች ነበሩና።

ይህ ጥያቄ ለኢትዮጵያ የባህል ጥናትም ሩቅ አይደለም። በዚህ አገር ባዶ ቆርቆሮ እንደ ጥራጊ ተቈጥሮ አያውቅም። በላምባ ተሞልቶ ከባሕር ማዶ የመጣው ትልቁ ባለ አራት ማዕዘን ቆርቆሮ ከዐረብኛ በተወረሰ ስም ጣኒካ ተብሎ ውሃ መቅጃ፥ ቅቤ ማኖሪያና የገበያ መለኪያ ሆኗል። ትንሹ ጣሳ እህል ይሰፈርበታል፤ ውሃ ይጠጣበታል። ቆርቆሮ ሠሪው ከባዶ ጣሳ ኩራዝ ያወጣል፤ አናቱ ላይ ቀዳዳ አበጅቶ የፈትል ክር ያስገባበታል። «ቆራሌው» እያለ በየሰፈሩ የሚዞረው ነጋዴ፥ በአዲስ አበባ መርካቶ በምናለሽ ተራ አሮጌውን ብረት እየቀጠቀጠ ሌላ ዕቃ የሚያደርገው ባለ እጅ፥ ሁሉም የሚኖሩት በዚህ በሁለተኛው ዕድሜ ነው። እዚህ ያልተነካ ጣሳ ብቻ ፈልጎ የሚመጣ ሰብሳቢ ባዶ እጁን ቢመለስ የሚያስደንቅ አይሆንም።

እንግዲህ ከዘይት ጣሳ የተሠራ አንድ ኩራዝ በተመራማሪ እጅ ገባ እንበል። በጎኑ ላይ ጥላሸት ያልሸፈነው ግማሽ የባለ ክንፍ ፈረስ፥ ከሥሩም ሶኮኒ ሞቢል የሚል ጽሑፍ ይነበባል። በዋጋ መምሪያው ሚዛን ይህ የተቈረጠ፥ የተበሳና የተቃጠለ፥ ምንም ዋጋ የሌለው ጣሳ ነው። በባህል ጥናት ሚዛን ግን ኩባንያው ያን ስም የያዘው በ1955 ስለ ሆነ ኩራዙ ከዚያ ዓመት በፊት ሊሠራ እንዳልቻለ የሚመሰክር፥ ሠሪውም የትኛውን የቆርቆሮ ውፍረት እንደ መረጠ፥ መጋጠሚያውን በምን እንደ በየደ፥ ሥዕሉን ወደ ውጭ ያዞረው ለጌጥ ይሁን ለአጋጣሚ እንድንጠይቅ የሚያደርግ ሰነድ ነው። የሰብሳቢዎቹ ዘዴ ታርሞ እዚህ ላይ ትልቅ ጥቅም ይሰጣል፤ ያለ እርሱ 1955ን ማግኘት ባልተቻለም ነበር።

ስለዚህ እንዲህ ያለው ዕቃ ወደ ስብስብ ሲገባ በመዝገቡ ላይ ለዓመት የተተወው ቦታ አንድ መሆኑ ይቅርና ሁለት ይሁን። በፊተኛው ኅትመቱ ከመቼ ወዲህ እንደ ሆነ፥ በምን ምልክት እንደ ታወቀም ጭምር ይጻፍ። በሁለተኛው ማን፥ የት፥ ለምን ሥራ ሲያውለው እንደ ተገኘ፥ በውስጡ ምን እንደ ነበረ፥ ቀዳዳውም ከላይ ይሁን ከታች ይጻፍ። ይህ እስኪሞላም ማጠቢያው አሲድ ከመደርደሪያው አይውረድ።